መብረቅ የማይጠሩት አጎቴ

አጎቴ መብረቅ አይጠሩም። ይህን የምለው ማንም ጠይቆኝ ሳይሆን፣ ይጠራሉ ተብሎ ወረቀት ላይ ተጽፎ ስላየሁ ነው። ወረቀቱ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። «አምስተኛ ደረጃ፦ መብረቅ መጥራት፣ በቀን ሦስት ጊዜ» ይላል። በቀን ሦስት ጊዜ! ሐኪም ያዘዘው ክኒን ይመስል።

ነገሩ የተጀመረው ሚዛን ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶኮፒ ቤት ጓዳ ነው። የቤቱ ባለቤት ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንስ ወዳጄ ነው። ወላጆቹ ከጅማ አካባቢ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ አደገ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብና ደንበኛ ሲጠፋ፣ ማሽኖቹን አጥፍቶ ጓዳው ውስጥ ያለችውን ጠረጴዛ ይጠርጋል። ከጎረቤት ከተማ ከአማን በባጃጅ የምትመጣ አንዲት አዋላጅ ነርስ አለች፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማሪ፣ አርባ ሁለት ዓመቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት መቀመጥ የማልወድ።

የምንጫወተው በወረቀትና በወሬ የሚካሄድ የምናብ ጨዋታ ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቻችን በታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው እንሆናለን፤ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ሌባ፣ ደስ ያለንን። እያንዳንዱ ዓይነት ሰው የራሱ ችሎታ አለው፣ አውሬና ጠላት ባሸነፈ ቁጥር ደግሞ ከደረጃ ወደ ደረጃ ያድጋል። ያሰብነው ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ሃያ ገጽ ያለው፣ እየተጣለ ቁጥር የሚያወጣ ዳይስ ነው። እንዲህ ያለ ዳይስ ሚዛን ላይ ከየት ይመጣል? ወዳጄ ሃያ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቦ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፈባቸውና በጨርቅ ከረጢት ከተታቸው። ተራ በተራ እጃችንን እየሰደድን እናወጣለን። ሲስተር ሁልጊዜ ትልቅ ቁጥር ነው የምታወጣው፤ ቆርኪዎቹን በጣቷ ታነባለች ብዬ እስከ ዛሬ እጠረጥራታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ተዋጊዬ ድልድይ ላይ ሞተብኝና አዲስ ሰው መምረጥ ነበረብኝ። ወዳጄ ከኢንተርኔት ያወረደውን ወረቀት ገፋ አደረገልኝ።

«ጋሼ፣ አንተ የጫካ ሰው ነህ። ድሩይድ ሁን፤ ይሄ ላንተ የተሠራ ነው» አለኝ።

የጫካ ሰው! የሸካዋ ማሻ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ከቄስ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። ቢሆንም ወረቀቱን አነበብኩት። ድሩይድ ማለት ተፈጥሮን የሚያመልክ አስማተኛ ነው ይላል። ከእንስሳት ጋር ያወራል። ድብ ይሆናል። ሐረግ አዝዞ የጠላትን እግር ያስራል። የብረት ልብስ አይለብስም፤ ለምን እንደማይለብስ አልተጻፈም። በድሮው የጨዋታው ሕግ ደግሞ ከፍተኛው ማዕረግ ላይ የሚደርሰው ከበላዩ ያለውን ድሩይድ ገጥሞ ሲያሸንፍ ብቻ ነው። ሽማግሌ ተደባድቦ ሽማግሌ ይሆናል ማለት ነው። ሲስተር ትከሻዬን መታ አድርጋ «በል ድብ ሁንልንና እንለፍ» አለችኝ፤ ሆንኩ፣ አለፍን።

አስተማሪ ነኝና ያልገባኝን ቃል ሳላጣራ አላድርም። ድሩይዶች ለካ በእውነት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ፈረንሳይና እንግሊዝ በሚባሉት አገሮች በጥንት ዘመን የኖሩ፣ ኬልት የሚባሉ ሕዝቦች ሽማግሌዎች ነበሩ። ዳኞች ነበሩ። የድንበርና የውርስ ክርክር እነሱ ዘንድ ይቀርባል፤ ፍርዳቸውን አልቀበልም ያለ ሰው ለአማልክት ከሚቀርበው መሥዋዕት ይገለላል፤ ከዚያ የከፋ ቅጣት አልነበረም። ትምህርታቸውን መጻፍ አይፈቅዱም፤ ተማሪው ሁሉን በቃሉ ይይዛል፣ አንዳንዱን ሃያ ዓመት ይፈጅበታል ይባላል። ይህን የሚለን ማን እንደሆነ ሳውቅ ደሜ ፈላ። ሊወጋቸው የመጣ የሮማ ጦር አዛዥ ነው። እነሱ ስለ ራሳቸው አንድ መስመር አልተዉም። ከእሱ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች የድሩይዶቹን ነጭ ልብስና የወርቅ ማጭድ ወደዱ፤ ከዚያ ጨዋታ ሠሪዎቹ መጡና ዳኝነቱን አውጥተው ድቡን አስገቡ። ሃያ ዓመት የሚፈጀው ትምህርት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ወረቀት ላይ ተሞልቶ ያልቃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ጠረጴዛ እየመታሁ ነው የነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለ ወዳጄ።

«የሰው ዳኛ ወስደህ ድብ ስታደርግ ጨዋታ አይደለም!»

«የሞቱት ስንት ሺህ ዓመት ሆኗቸው። ምን አናደደህ?»

ያናደደኝን ያኔ መናገር ነበረብኝ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ከማሻ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ይኖራሉ፤ የጎሳችንን ጫካ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ያ ጫካ መጥረቢያ አይገባበትም። በድንበሩ ወይም በዛፍ ላይ በተሰቀለ ቀፎ የተጣላ ሰው እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፣ ሁለቱን ወገን አንድም ቃል ሳይናገሩ እስከ መጨረሻው ይሰማሉ፣ ከዚያ ይፈርዳሉ። ስለ እኚህ አጎቴ ለወዳጄ ሻይ ላይ ቀስ እያልኩ፣ ቀልድ እየቀላቀልኩ ነግሬዋለሁ። በቤተ ክርስቲያን ግን አንድ ሰው «ዘመድህ ጠንቋይ ነው አሉ» ሲለኝ «ገበሬ ናቸው» ብዬ አልፌዋለሁ። እውነቱ ይኸው ነው።

ወዳጄ ንዴቴን አይቶ ሊክሰኝ ፈለገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በቀለም ያተመውን አዲስ ወረቀት ፊቴ ላይ ዘረጋው። ርእሱ «የሸካ የጫካ አባት» ይላል። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነብር ይሆናል፤ ድብ እዚህ አገር የለም ብሎ ነው የለወጠው። አምስተኛ ላይ መብረቅ። ዘጠነኛ ላይ ዛፎች ተነሥተው ይሄዱለታል። ከታች ደግሞ፣ ከእኔ የሰማውን፣ «መጥረቢያ የማይገባበት ጫካ አለው፤ በዓመት አንዴ ብቻውን ይዞረዋል» ብሎ ጽፏል። ሥዕል ሳይቀር አለው፤ ጢማም ሽማግሌ፣ ዓይኑ የሚያበራ። አጎቴ ጢም የላቸውም።

ተነሣሁ። ምን እንዳልኩት ሁሉን አላስታውስም፤ ሲስተር እጄን ይዛኝ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። «እሳቸው ፊት ቆመህ ይህን ታነባለህ! አንብበህ ይቅርታ ትጠይቃለህ!» ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እሱም ፊቱ ቀልቶ «እሺ ጋሼ፣ እሄዳለሁ» አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ገና ሲነጋ በሚኒባስ ተነሣን፤ ቴፒ ላይ መኪና ቀይረን ማሻ ገባን፣ ከዚያ በእግር። መንገዱን ሙሉ አላነጋገርኩትም። አጎቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የቀፎ ልጥ ሲያስሩ አገኘናቸው። ወዳጄ ጫማውን አወለቀ፣ ተጎንብሶ ሰላም አላቸው፣ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ግን ሁሉ ገባቸው።

«ይሄ ሰውዬ ስንት ዓመት ተማረ?» አሉት።

«አይማርም አባባ። ከደረጃ ወደ ደረጃ ነው የሚያድገው።»

«ምን ሠርቶ ያድጋል?»

«አውሬ ገድሎ።»

«አውሬ ገድሎ የጫካ አባት?» ብለው ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። «ሁለት ሰው በድንበር ቢጣላስ? ምን ይላቸዋል?»

ወዳጄ ወረቀቱን አገላበጠው። «እሱ የለበትም።»

«ታዲያ ሰው ምን ፈልጎ ይመጣል ቤቱ?»

እኔ ይህን ጊዜ እየጠበቅኩ ነበር፤ አሁን ያፍራል፣ አሁን ይቅርታ ይላል ብዬ። እሱ ግን ወረቀቱን አጠፈና «አባባ፣ እርስዎ ምንድን ነው የሚሠሩት?» አላቸው።

ይህን ጥያቄ እኔ አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

አጎቴ ዱላቸውንና ገጀራቸውን አነሡ። ብረት ይዘው ነው ጫካቸው የሚገቡት፤ የመንገዱን ቁጥቋጦ ይመነጥሩበታል። «ና» አሉት። ወደ እኔም ዞር አሉ። ጫማዬ የከተማ ጫማ ነው፣ ጉልበቴም አሞኛል አልኳቸው። ወዳጄን አስከትለው መንገድ ጀመሩ።

ወዴት እንደሚሄዱ አውቄያለሁ። የጎሳችን ጫካ ድንበር ሠላሳ አራት ምልክት አለው፤ ቀረሮ፣ ዋንዛ፣ ሾላ፣ ብሳና የመሳሰሉ ዛፎች፣ አንድ ቋጥኝ፣ ሁለት ምንጭ። አንድ ሰው የሚማረው በእግሩ ነው። ሽማግሌው ከፊት ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ምልክት ዘንድ ቆሞ ስሙን፣ ከወዲያ ማን እንደሚዋሰን፣ እዚያ ላይ ምን ክርክር እንዳለቀ ይናገራል፤ ተከታዩ ቃል በቃል ጮክ ብሎ ይደግማል። አንድ ቃል ከሳተ ሁለቱም ወደ መጀመሪያው ዛፍ ይመለሳሉ። ሠላሳ ሦስተኛው ላይም ቢሆን ይመለሳሉ።

አባቴ ሲሞት አጎቴ ይህን ድንበር ሊያስተምሩኝ ወሰዱኝ፤ ኮሌጅ ጨርሼ የመጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ሄድኩ። የተማረ ሰው ነኛ! ደብተሩን ከእጄ ተቀብለው የቤታቸው ክዳን ሥር ሰኩትና «እግርህ ይያዘው» አሉኝ። አሥራ አንደኛው ምልክት ላይ ሁለት ዋንዛዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ የእኛ ነው፣ አንዱ የጎረቤቶቻችን። እዚያ ሳትኩ። ተመለስን። እንደገና እዚያው ሳትኩ፣ እንደገና ተመለስን። በሦስተኛው ደክሞኛል፣ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ አልኳቸው። ሌላ ጊዜው የፈተና እርማት ሆነ፣ የመንገድ ብልሽት ሆነ፣ ጉልበት ሆነ፤ ሃያ ዓመት እንደዚያ አለፈ።

ወዳጄና አጎቴ የተመለሱት ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ነው። ወዳጄ እስከ ጉልበቱ ጭቃ በጭቃ ነበር። ሁለት ጊዜ እንደ ተመለሰ፣ ስምንተኛው ላይ አንድ ጊዜ፣ አሥራ አራተኛው ላይ አንድ ጊዜ፣ እየሳቀ ነገረኝ። አሥራ አራተኛው! ይቅርታውን ጠየቀ፤ አጎቴ ስለ ምን እንደሆነ ረስተውት ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶኮፒ ቤቱ ተዘጋ። ሁሉን ቅዳሜ አይደለም፤ ግን በወር አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ፣ ወዳጄ ቴፒ ላይ መኪና ቀይሮ ማሻ ይሄዳል። ሲስተርና እኔ የተዘጋው በር ላይ ተገናኝተን እንመለሳለን። እናደድ ነበር። ምን አግብቶት? የማን ጎሳ ነው? ለአጎቴ ስልክ አስደውዬ «ይህ ሰው የእኛ አይደለም፣ ለጨዋታው ብሎ ነው የሚመጣው» አልኳቸው። በቋንቋችን ነው የተነጋገርነው፤ የመለሱልኝ ሁለት ቃል ብቻ ነው። «አውቃለሁ። ጠየቀኝ» አሉኝ። እኔም ስልኩን ዘጋሁ። ሽማግሌ ላይ ስልክ ዘጋሁ፤ ይኸው ዛሬም ያሳፍረኛል።

አጎቴ በቀጣዩ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አረፉ። ብዙም ሳይቆይ ከመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች መጡ፤ ጫካውን ለክተው በጎሳው ስም የይዞታ ደብተር ሊሰጡ ነው። መልካም ነገር ነው። ደብተር ከሌለ ነገ ሌላ ሰው ቡና ተከልኩበት ብሎ ይገባል። ለመለካት ግን ድንበሩን የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል፣ ጎረቤቶቻችንም ቆመው ይሰማሉ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የእኛን ድንበር የሚጠራው የእኛ ጎሳ አፍ ነው፣ የሌላ ሰው አፍ ከሆነ አይቀበሉም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከአጎቴ ወንድ ልጅ አልቀረም። ከዚያ ሁሉም እኔን አዩ።

ወዳጄ ሰው ይብዛልህ ብሎ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ከኋላ ቆሟል።

ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቀረሮ ጠራሁ፣ ሁለተኛውን ጠራሁ። ጂፒኤስ የያዘው ባለሙያ እየነካካ ይከተላል። እስከ አሥረኛው ድረስ ከሃያ ዓመት በፊት የያዝኩት አልጠፋኝም ነበርና ደረቴን ነፋ ሳላደርግ አልቀረሁም። አሥራ አንደኛው ላይ ሁለቱ ዋንዛዎች ቆመዋል፤ ወፍረዋል፣ ሌላ ነገር አልተለወጡም። የግራውን ጠራሁ። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። የእኛ ሽማግሌ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ከመጀመሪያው» አለ። ባለሙያው «ምን ማለት ነው? ሰዓት የለንም እኮ» አለ። ግን ሁላችንም ተመለስን።

ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ወዳጄ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ማንም ከልካይ የለውም፤ ተከታይ መሆን ለማንም ይፈቀዳል፣ ተከታይ ደግሞ ጮክ ብሎ ይደግማል። እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይደግማል፤ በቋንቋዬ፣ በሚዛን ልጅ አነጋገር። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ቃሉ ጠፋኝ። ከኋላዬ ድምፁ መጣ፤ የቀኙ ዋንዛ፣ ከወዲያ የሚዋሰነው፣ እዚያ ላይ ያለቀው ክርክር። እኔ ቃል በቃል ደገምኩ። አሥራ ሁለተኛው ላይም እንዲሁ፤ ከዚያ እስከ ሠላሳ አራተኛው ድረስ። ከፊት የምሄደው እኔ ነበርኩ፣ ተከታዩም እኔ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል። ጎረቤቶቻችንም ሰምተዋል። ማንም ማንንም አላስቆመም፤ የመጨረሻው ምንጭ ላይ ስንደርስ የእኛ ሽማግሌ የወዳጄን እጅ ጨበጠ፣ የእኔን ግን አልጨበጠም።

ባለሙያው ቅጹን አወጣ። «ድንበሩን የጠራው» የሚል መስመር አለበት። ስሜን ጻፈና ፈርም አለኝ። ወዳጄ ራቅ ብሎ ጫማውን ከጭቃ ይጠርጋል። ፈረምኩ። ምን ላድርግ? ካልፈረምኩ ደብተሩ የለም። ግን እስክሪብቶውን ስመልስ የታሰበኝ ያ ሮማዊ ነው። ከዓመት በላይ ሰድቤዋለሁ፣ ጠረጴዛ መትቼበታለሁ። እሱ ግን ከሌላ ሰው የሰማውን ሲጽፍ የሌላ ሰው መሆኑን አልደበቀም።

ንዴቴ በረደ ብዬ አልዋሽም። ያ የመብረቅ ወረቀት ዛሬም ያናድደኛል፤ ድቡም ያናድደኛል፤ ዳኛን ድብ ያደረገ ሁሉ ያናድደኛል። አሁን ግን በወር አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ውስጥ ሁለታችን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ቴፒ ላይ ወርደን መኪና እንቀይራለን፣ የከተማ ጫማዬን በቦቲ ለውጫለሁ። ከፊት እሱ ይሄዳል፤ ከኋላ እኔ እደግማለሁ። ባለፈው ሃያ ሦስተኛው ላይ አንድ ስም ሳትኩ፤ ዝናብ ነበር፣ ጉልበቴም በእውነት አሞኝ ነበር። ዞር ብሎ አየኝ።

«ከመጀመሪያው ጋሼ» አለኝ።

ተመለስን።